የአንዳርጌ ድካም

አዛለች በአልጋዋ ላይ ተንጋላ የግራ ባቷን እያሻሸች፣ «ዛሬስ ሲጣፍጥ!» አለች።

ድካሙን ማለቷ ነው። በሽንፋ ከተማ ድካም ከጠፋ ቆይቷል። ወንበሩ ራሱ ይራመዳል፣ ደረጃው ራሱ ይወጣል፣ ዕቃው ራሱ ከገበያ ይመጣል፤ ከሰው የሚጠበቀው ተቀምጦ መድረስ ብቻ ነው። እናም በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ሰው በገዛ እግሩ ተራራ ሲወጣ፣ ድካሙን ተካፍሎ ለመሸከም የከተማው ሰው ሠርግ የተጠራ ይመስል ይጋፋል። ዘንድሮ ዕጣ የወጣላቸው ከማለዳ ጀምሮ በወንፈል ቤቱ አዳራሽ ተደርድረው ተኝተዋል። የማን ጭን ይበልጥ እንደሚያቃጥል ይከራከራሉ።

«ያንቺ ባት ድሮም አመለኛ ነው፤» አሏት ጋሽ ደምመላሽ ከጎኗ ካለው አልጋ። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ናቸው። «የኔ ጉልበት ግን ጉልበት መሆኑን ዛሬ ገና አወቀ።»

ቤቱን ወንፈል ቤት ያሉት የገበሬውን ወንፈል አስበው ነው። ድሮ ጎረቤታሞች የአንዱን ማሳ ተሰብስበው እንደሚያርሱት፣ እዚህ ደግሞ የአንዱን ድካም ተሰብስበው ይሸከሙለታል። መሣሪያው ማጅራት ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ነው፤ «ክር» ይሉታል። ተራራ ላይ ያለው ሰው ጡንቻው ሲዝል ክሩ ስሜቱን ከእሱ ወስዶ ቆላ ለተኙት ያከፋፍላል። የሰውየው እግር ያው ይሠራል፣ ልቡም ያው ይመታል። «ደከመኝ» የሚለው ስሜት ብቻ ሌላ ቤት ያድራል።

«እስቲ አንዴ ዝም በሉ፣ ልጁን ልስማው፤» አለች ስለናት ከሬዲዮው አጠገብ። የወንፈል ቤቱ አሰልጣኝ እሷ ናት፤ ተራራ ላይ ያለው አንዳርጌም ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ወንድም ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። «አንዳርጌ፣ የት ደረስክ?»

«የጅብራ ተክሉን አልፌ ድንጋዩ ውስጥ ገባሁ፣ እታለም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ይታዘቡኛል።»

«አልፈጠንክም?»

«ምን የሚያዘገየኝ ነገር አለ? ያልደከመኝ እስኪያሳፍረኝ ነው። እነ እትዬ አዛለች ቻሉት?»

«እየጣፈጠኝ ነው በይው!» ብላ ጮኸች አዛለች፤ አዳራሹ ሳቀ።

አንዳርጌ የሚወጣው ለጨዋታ አልነበረም። ተራራው ጫፍ ላይ ዝናብ ሲመጣ አይቶ ለቆላው የሚያስጠነቅቅ መስታወት አለ። በየዓመቱ በረዶና አቧራ ይሸፍነዋል። ሊጠርጉት የተላኩትን በራሪ ማሽኖች ሁሉ ነፋሱ ከገደሉ ጋር እያላተመ ሰባብሯቸዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥልጣኔ በዓመት አንድ ጊዜ ጨርቅ የያዘ ሰው ይፈልጋል። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የተላኩት ሁሉ ከመንገድ ተመልሰዋል። መስታወቱ ሳይጠረግ ከርሞ፣ አምና ክረምት ጎርፉ ሳይታወቅ መጥቶ የወንዝ ዳሩን ሰፈር ከነሰው ወሰደው።

ተራራ ወጪዎቹን ከመንገድ የመለሷቸው እግራቸው ወይም ልባቸው አልነበረም፤ ተሸካሚዎቹ ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ደክሞት የማያውቅ ሰው ቁርጥማትና የትንፋሽ ማጠር ሲሰማው የሞተ ይመስለዋል። ከአልጋው ሆኖ በሬዲዮው፣ «ተመለስ! በልጆቼ! ልትሞት ነው!» እያለ ያለቅሳል። ተራራ ላይ ያለውም ይደነግጥና ይመለሳል።

ስለናት አንዳርጌን ያዘጋጀችው ይህን አይታ ነው። ከመስከረም ጀምሮ አካሉን ሠራችው። የሚኖሩበትን ሕንፃ ደረጃ አስቁማ አሸዋ አሸክማ በእግሩ ስታስወጣው፣ ጎረቤት ደረጃው የተበላሸ መስሎት ጠጋኝ ጠርቷል። እንደ ተራራው አናት አየሩ በሳሳበት ክፍል ውስጥ አስተኛችው። መልመጃው ላይም ክሩን አድርጋለት ታስሮጠውና ልኩ ላይ መድረሱን ስታይ ደወል ትደውላለች፤ እሱም ቁጭ ይላል። በሶ ትበጠብጥለታለች። «ደከመኝ» የምትለው ቃል ከአፉ እንዳትወጣ ከለከለችው፤ አንድ ቀን አምልጣው፣ ከምድር ቤት እንደገና እንዲጀምር አድርጋለች።

የአካሉ ሥልጠና ካለቀ በኋላ ወደ ልቡ ሄደች። ለዚህ የሠራችው ክፍል «ጩኸት ክፍል» ይባል ነበር። አንዳርጌ በሚሽከረከር ደረጃ ላይ ይወጣል፤ ከግድግዳው ሰዎች፣ «ተመለስ!» እያሉ ይጮኹበታል። የሰው ድምፅ አላስደነግጥ ሲለው የራሷን አመጣች። ልቡን የሚሰብረው የእሷ ድምፅ መሆኑን ታውቃለች። ለመነችው፣ አለቀሰችበት፣ ማለችበት። መጀመሪያ ሰሞን እየተንቀጠቀጠ ይወርድ ነበር፤ ትቆጣዋለች። በኋላ በኋላ እሷ እያለቀሰች እሱ እየሳቀ መውጣት ጀመረ። ያን ቀን አቅፋ ሳመችው፤ ኩራቷ ከፊቷ ላይ ሲነበብ የቤቱ ሠራተኛ ሁሉ አይቷል።

ፀሐይ የአዳራሹ መስኮት ላይ ስትደርስ አዛለች መቀለዷን አቆመች። «ራሴን ፈለጠኝ፤» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤» አለች። ከማዶ ያለው ጎልማሳም ያንኑ አለ። ጋሽ ደምመላሽ ዝም ብለው ጣሪያውን እያዩ ነበር፤ ዝም ማለታቸው ስለናትን የበለጠ አስፈራት። ሄዳ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ምንዎን ነው፣ ጋሽዬ?»

«ድካም አይደለም፣ ልጄ። ድካም ሲያርፉ ቀለል ይላል፤ ይኼ ይብሳል። ደረቴ ውስጥ ውሃ የገባ ይመስለኛል።»

ስለናት ወደ ሬዲዮው ተመልሳ ሌላ ምንም ሳትሰማ የወንድሟን ትንፋሽ ብቻ አዳመጠች። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ድስት ውስጥ እንደሚንተከተክ ነገር አለ። ቀጥሎ ረጅም፣ እርጥብ ሳል መጣ።

«አንዳርጌ፣ እየሳልክ ነው።»

«እኔ? ኧረ አልሳልኩም።»

ያኔ ገባት። ክሩ ድካምን ከሕመም አይለይም ነበር። ሰውነት ለባለቤቱ የሚያሰማውን አቤቱታ ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የሚወስደው። የቆላ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ከፍታ ሲወጣ ሳንባው ውሃ መቋጠር ይጀምራል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ራስ ምታቱና የትንፋሽ እጥረቱ አስገድደው ያስቀምጡት ነበር። አንዳርጌን ግን ምንም አልነገሩትም። በልምምዱ ጊዜ ይህ ያልታየው እሷ ደወል እየደወለች ስለምታስቆመው ነው። ተራራው ላይ ደወል የለም።

ከተራራው ግርጌ ያሉትን አዳኞች ጠራች። ኦክስጂን ይዘው በእግር እንደሚነሱና እስኪደርሱ ድረስ እንደሚመሽ ነገሯት። ያለው አንድ መንገድ ነው። አንዳርጌ ደረቱ ላይ መመለሻ የምትባል ቁልፍ አለችው፤ እሷን ሲጫን ድካሙ በጥቂት በጥቂቱ ወደ እሱ ይመለሳል። ተሸካሚዎች በፈሩ ቁጥር ሸክማቸውን እንዳይጥሉበት ተብሎ፣ ቁልፏ በእሱ እጅ ብቻ እንድትሆን ያደረገችው ስለናት ራሷ ናት።

«አንዳርጌ፣ ስማኝ። ሳንባህ ውሃ እየቋጠረ ነው። ቁምና መመለሻዋን ቀስ ብለህ ተጫን። ከዚያ ውረድ።»

ሬዲዮው ውስጥ ሳቅ ተሰማ። «መቼ ትጀምሪ ይሆን እያልኩ ነበር።»

«ልምምድ አይደለም!»

«ልምምድ አይደለም የምትለዋን በየካቲት ብለሻታል።»

«አንዳርጌ፣ በእናታችን አፅም!»

«እሷንም ብለሻታል፣ እታለም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ያባብላት ነበር። «በእናታችን ስትዪኝ ተመልሼ ስወርድ ምን አልሽኝ? ‹እናታችን ሞታለች፣ ጎርፉ ግን ይመጣል› አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ በማን ልትምዪ ነው?»

ስለናት የቀራትን ቃል ፈለገች። የእናቷን ስም፣ ልቅሶዋን፣ «ሞቼ እገኛለሁ» ማለቷን፣ ሕፃን ሳለ ትጠራው የነበረበትን የቁልምጫ ስም ሳይቀር ጩኸት ክፍሉ ውስጥ ጨርሳዋለች። እውነት ስትናገር የምትናገርበትን ቃል ሁሉ ለውሸት አውላው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሞኝነት በማንም ላይ አልደረሰም ብላ አሰበች።

ሬዲዮውን ለጋሽ ደምመላሽ ሰጠቻቸው። «ልጄ፣ እውነቷን ነው፤» አሉት፣ በመሀል በመሀል እያቋረጡ። «እኔ ያንተን ደረት ይዣለሁ። እየሞትክ ነው።»

«አይዞዎት፣ ጋሽ ደምመላሽ፤ ድካም ነው፣ ያልፋል። አሁን ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ነኝ፤ በግራዬ ገደል ስላለ አታስቁኝ።»

በዚህ መሀል ነው አዛለች የጮኸችው። «ልሞት ነው! አንሱልኝ!» አለችና ክሩን ከማጅራቷ መንጭቃ ጣለችው። የአንዱ ክር ሲነቀል የእሱ ድርሻ ለቀሩት ይከፋፈላል፤ ስለዚህ የእሷ ሕመም በሌሎቹ ላይ ወረደና እነሱም ይነቅሉ ጀመር። ስለናት ከአልጋ አልጋ እየሮጠች፣ «አትንቀሉ! ስለ እግዚአብሔር! ገደል ላይ ነው!» ትላለች። የመጨረሻው ክር ከተነቀለ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ አንዳርጌ ላይ ነው የሚወድቀው፤ እግሩ ሥር ያለው መንገድ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። ማንም አልሰማትም። ልትፈርድባቸውም አልቻለችም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ስለ ሌላ ሰው አያስብም።

ጋሽ ደምመላሽ ብቻ ቀሩ። ሁለት እጃቸውን ከአልጋው ብረት ጋር አጣብቀው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ይዘዋል። ስለናት ትርፍ ክር አንስታ ማጅራቷ ላይ ለጠፈች። ከዚያ የእሳቸውን ነቀለችላቸው።

ወንድሟ ሙሉውን መጣባት። መሬት ላይ ተቀመጠች። አየር ስባ ስባ የሚገባው ግማሹ ነው፤ የቀረው ቦታ በሌላ ነገር ተሞልቷል። ጭንቅላቷ ከውስጥ ይመታል። ስታሳድገው ወባ ታሞ ጀርባዋ ላይ ያደረበት ቀን ትዝ አላት፤ ያኔ፣ «ምነው ሕመሙን ለእኔ ባደረገው» ብላ ነበር። ጸሎቷ ደርሶ እነሆ በእሷ ሆነ፤ እሱ ግን አልዳነም።

«እታለም፣ ዝም አልሽ? ተሸነፍሽ እንዴ?»

ስለናት ዓይኗን ጨፈነች። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ እየታገለች፣ «ተሸነፍኩ፤» አለች። «ፈተናውን አልፈሃል፤ ከእንግዲህ አልጮህብህም። ጎበዝ ነህ።»

«አላልኩሽም!» አለ አንዳርጌ በደስታ። እውነቱን ስትነግረው ያላመናት ልጅ ስትዋሸው ወዲያው አመናት።

«መተላለፊያውን ስትጨርስ ሰፊ ሜዳ ታገኛለህ። እዚያ አረፍ በልና በሶህን ብላ። ስትቀመጥ ንገረኝ።»

«ምን ያሳርፈኛል? ሳልቀመጥ እጨርሰዋለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ተቀመጥ። አንዴ እንኳ እሺ በለኝ።»

«እሺ፣ እሺ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አብራው ሄደች። እሱ እያፏጨ ነው፤ እሷ በየእርምጃው ልቧ ሊወልቅ ነው። ዓይኗ ሲጨልምባት የጋሽ ደምመላሽን እጅ ይዛ ወደ ክሩ አስጠጋችና፣ «ራሴን ከሳትኩ፣ ተቀመጥኩ ሲል እርስዎ ይንቀሉት፤» አለች። «ከዚያ በፊት ግን ብለምንዎትም እንዳይነቅሉት።» አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል።

ፉጨቱ ቆመ።

«ተቀመጥኩ፣ እታለም። ኧረ ይኼ ነገር እንዴት ያምራል! ደመናው ከእግሬ በታች ነው። መስታወቱም ይታየኛል፣ ቅርብ ነው። ምነው አሁን ከኔ ጋር በሆንሽ!» ሳለ፤ ሳሉ ረዘመ። «ምንም አልደከመኝም እኮ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ስለናት ለአፍታ እጇ አልታዘዝ አላት። ከመቼውም የበለጠ ደስ ብሎታል። እንደዚሁ ብትተወው ደስ እንዳለው ወጥቶ፣ መስታወቱን ጠርጎ፣ ሳያውቀው ይሄዳል። ሕመሙን እስከ መጨረሻው እሷ ትይዝለታለች። እንዲህ ማሰቧ አስደነገጣት።

«ጀርባህን ለድንጋዩ ስጥ፤» አለችው። «ወንድምአለም፣ ይቅር በለኝ።»

«ለምኑ?»

ክሩን ነቀለችው።

መጀመሪያ የመጣው አየር ነበር። ደረቷ ተከፈተ፣ ራሷ ቀለላት፣ ጉልበቷ ተመለሰ። በሬዲዮው አንድ አጭር ጩኸት ተሰማ፤ ሰው እንቅልፍ ላይ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት የሚያሰማው ዓይነት። ከዚያ ምንም የለም።

«አንዳርጌ?»

የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች።

«አንዳርጌ! መመለሻዋን ተዋት፤ ሁሉም ካንተ ጋር ነው አሁን። ሕመሙ ያንተ ነው። እኔ አይደለሁም የምነግርህ፤ ደረትህን ስማው። ስማኝ!»

ሬዲዮው የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጣት። ስለናት ማጅራቷን ዳሰሰች፣ ደረቷን ዳሰሰች። ምንም አላመማትም። ቅድም እየታፈነች በነበረችበት ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ ታውቅ ነበር። አሁን ግን ጤነኛ ናት፤ ስለ እሱም ምንም አታውቅም። የሚያመውን ቦታ እየፈለገች ራሷን በጥፍሯ ቧጨረች።

አዛለች ከሸሸችበት በር ተመለሰች። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል። ማጅራቷን አጎንብሳ፣ «መልሺልኝ፤» አለች። «አሁን እችለዋለሁ። ድርሻዬን መልሺልኝ።»

«አይመለስም፤» አለች ስለናት። «አንዴ ከተቆረጠ፣ እሱ እዚህ መጥቶ ካልተዘጋጀ ክሩ አይይዝም።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። ቅድም እየጮኹ የጣሉትን ክር ከመሬት እያነሱ ማጅራታቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ይጠብቃሉ። ምንም አይመጣም። እንደገና ይለጥፋሉ። ያ ሁሉ ሰው ትንሽ እንኳ እንዲያመው እየለመነ በአዳራሹ ውስጥ ቆመ።

በመስኮቱ የነበረችው ፀሐይ ወደ ግድግዳው ዞረች። አዳኞቹ ጅብራው ጋ ደርሰናል አሉ። ስለናት የወንድሟን ስም መጥራቷን አላቆመችም፤ ድምፅዋ እየሻከረ መጥቷል።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ሳል መጣ፤ የሚያምም ሳል፣ ባለቤቱ የሰማው ሳል። ከዚያ ልጅ ሳለ የነበረው ዓይነት ትንሽ ድምፅ።

«እታለም... ደከመኝ።»

ስለናት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ይህችን ቃል ከሰዎች አፍ ለማጥፋት ዕድሜዋን የሠራች ሴት ናት። ከሬዲዮው የጠበቀችው፣ የለመነችው ደግሞ ይህችኑ ቃል ነበር። ልትወስድለት ብትፈልግ አሁን አትችልም።

«አዎ፣ ደክሞሃል፤» አለችው። «አትነሳ። ሰዎች እየመጡ ነው። ብቻ ተንፍስ፤ እየሰማሁህ ነው።»

«አትሂጂ።»

«የት እሄዳለሁ?»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም፤ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነበር። ይገባል፣ ይንተከተካል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። በእያንዳንዱ መቆየት መሀል አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ጋሽ ደምመላሽ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ከሬዲዮው ጋር አስተካከሉ። እሱ ሲስብ ይስባሉ፣ እሱ ሲያቆየው ያቆያሉ። አዛለችም ከጎናቸው ተቀመጠች። የቀሩትም ተቀመጡ።

በዚህ አንዲት ጠብታ አየር እንኳ አትደርሰውም። ሁሉም ያውቃሉ። ውጭ የሚራመዱት ወንበሮች ባለቤቶቻቸውን ወደ ቤት ለመውሰድ በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ማንም አልተነሳም።